እኔ እያለሁ

ይሄኛውም ሊጥ ማቡኪያ ማሽን ቀጥ ብሎ ቆመ። ሦስተኛው መሆኑ ነው።

ሻጩ ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል። ማሽኑ ጭጭ። ከቤት ይዤው የመጣሁት ሊጥ በሚያሸው ሜንጦ ላይ እንደተጠመጠመ ቀርቷል።

«እህቴ፣ የውስጥ ጥርሱ እኮ ብረት ነው! እንደነዚያ ፕላስቲክ እንዳይመስልሽ» ይላል፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ። ሊጤን አውጥቶ የሱቁን ሊጥ ሲጨምርበት ማሽኑ እያጉረመረመ ይዞራል። የእኔን ሲመልስበት ይቆማል።

«ድንጋይ ነው እንዴ ያቦካሽው?» ብሎ ይስቃል። እኔን ግን ሳቅ አልመጣኝም።

በራሴ ሊጥ ካልፈተንኩ አልገዛም ያልኩት እኔው ነኝ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ብዬ፣ ጠዋት ዱቄቱንና ውሃውን አገናኝቼ፣ ሳላሸው በላስቲክ ጠቅልዬ መጣሁ። ማሸትማ ከየት ይምጣ? የሁለቱም እጄ አንጓ አልቋል። ሐኪሙ «ወይ እጅሽን፣ ወይ ዳቦሽን» ብሎኛል። እኔ ደግሞ ዳቦ ጋግሮ ከመሸጥ ሌላ የማውቀው እንጀራ የለኝም።

ሥራውን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ሊጥ ስታሽ ሦስቴ ትጫንና አንዴ እፎይ ትላለች፤ ደግሞ ሦስቴ፣ ደግሞ እፎይ። ማሽን እንግዛ ባልኳት ቁጥር ቀና እንኳ ሳትል፣ «እኔ እያለሁ ማሽን እዚህ ቤት አይገባም!» ትለኝ ነበር። አንዴ ካለች አለች ነው፣ የእኔ እናት። ከሞተች ስምንት ወሯ።

«በይ እስቲ የመጨረሻዋን» ይላል ሻጩ። ጥግ ካለው መደርደሪያ ቀይ፣ ከባድ ማሽን በሁለት እጁ አቅፎ ያመጣል። ይሰካታል። ባዶዋን ትዞራለች። ሊጤን ገና ከላይ ሲያስጠጋው ትቆማለች። ሊጡ ሳይነካት!

አሁን ሻጩም አይስቅም። ሊጡን የማሽኗ ሳህን ውስጥ ጥሎ ሶኬቱን ከግድግዳው ይነቅልና ገመዱን መጠቅለል ይጀምራል። «እህቴ፣ አትቀየሚኝና ሌላ ሱቅ ብትሞክሪ ይሻላል» ይላል፣ ዓይኔን ሳያይ።

እኔ ግን የእናቴ ቃል ነው ጆሮዬ ላይ ያለው። «በሕይወት እያለሁ» አላለችም። «እያለሁ» ብቻ ነው ያለችው። ወይ ጉዴ!

ሰው ምን ይለኛል አላልኩም። ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብዬ ያበጠውን እጄን እዘረጋለሁ።

«እማዬ፣ እልሁን ተይው። እጄ እኮ አልቋል። እስቲ እዪው።»

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ይላል ሻጩ ከኋላዬ።

ሜንጦው ይነቃነቃል። ሦስት ጊዜ ዞሮ ይቆማል። ከማሽኗ ሆድ እፎይ የሚል ነገር ይሰማል። ደግሞ ሦስቴ። ደግሞ እፎይ። ሊጡ ከሳህኑ ጠርዝ እየተላቀቀ፣ እየለሰለሰ ይሄዳል። እንባዬ መጣ።

«ይቺን ጠቅልልልኝ» እላለሁ።

ዞር ስል ሻጩ የገዛ እጁን ያያል። ገመዱ ከነሶኬቱ መዳፉ ላይ ተጠቅልሏል።