ያልማለው ሰው

አበረ ከአስራ አራት ዓመት እስር ወጥቶ አገሩ ቆሰበር ሲገባ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከአብሮ አደጉ ከደጉ በቀር በር የከፈተለት አልተገኘም። ደጉ መደቡን ለቀቀለት። ሌሊት በሳል ሲታፈን ተነሥቶ ውሃ ያጠጣዋል።

«በአገሬ አፈር ልቀበር» አለ አበረ። «እማሆይ ደብሪቱ ካልማሩኝ ግን ማን ይቀብረኛል?»

እማሆይ የሟቹ የክንዴ እናት ናቸው። ክንዴ፣ አበረና ደጉ በአንድ ሜዳ ፈረስ ጋልበው ያደጉ ናቸው። በጥምቀት ጉግስ ክንዴ አበረን ከፈረስ ጣለው፤ አገር ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ክንዴ በአዘና መንገድ ተገድሎ ተገኘ።

ገዳዩን ለማውጣት አውጫጭኝ ተቀመጠ። አገሬው ተራ በተራ ከቄሱ መስቀል ላይ እጁን እየጫነ «አልገደልሁም፤ የገደለውንም አላየሁም» ብሎ ማለ። ደጉም ማለ። አበረ ብቻ «አልምልም» አለ። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያሻል?

ደጉን ኀዘኑ ጎዳው። ከቀብሩ ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ሳያልፍ ከውጭ ተሳልሞ ይመለሳል። የእማሆይን መሬት ከራሱ አስቀድሞ ያርሳል። «ወዳጅስ እንደ ደጉ!» ይላል ሰው።

አሁንም ደጉ ከእማሆይ እግር ላይ ወደቀ። «እማሆይ፣ ይማሩት። ሊሞት ነው።»

«አንተስ ብትሆን ትምር ነበር?» አሉት።

እንባው ቀደመው።

«በል፣ ቅዳሜ አምጣው።»

ቅዳሜ ሽማግሌዎች ከግራሩ ጥላ ተቀመጡ። አበረ እንደ ደንቡ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ተንበረከከ። ባለ ደም፣ የሟች ወገን፣ ድንጋዩን ካነሳለት ተምሯል ማለት ነው። ደጉ አጠገቡ ተንበርክኮ ደገፈው።

«ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «ተናገር እንጂ!»

አበረ ድንጋዩን አስተካክሎ ተሸከመ።

«ምነው ልጄ፣ ያን ጊዜ ሳትምል ቀረህ?» አሉ እማሆይ።

«በሐሰት እንዴት ልማል፣ እማሆይ?»

«አመነ!» አለ ሸንጎው።

እማሆይ አበረን ትክ ብለው አዩት፤ አለቀሱም። መቋሚያቸውን ጥለው ድንጋዩን ከአንገቱ አነሱለት። ደጉ እፎይ አለ።

«እሱስ ያየ ነው» አሉ እማሆይ፤ ድንጋዩንም በደጉ አንገት ላይ አኖሩት።