ፌጦ እንኳ አልበቀለም

ያርደን መደቡ አጠገብ ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ስትጭር ማንያዘዋል አጠገቧ ቆሞ ቁልቁል በጎሪጥ ያያታል። ምን እየፈለገች ነው? ዘሩ ከተዘራ ወር ሊሞላው ነው፤ የሚበቅል ቢሆን እስካሁን ወጥቶ ነበር።

"ምንም የለም" አለች ቀና ብላ። "በሦስቱም መደብ ምንም አልበቀለም።"

ዘሩን የሰጧት ሦስት ናቸው። አንዱ ማንያዘዋል ራሱ ነው። ሁለተኛዋ ከእሱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ፋንትነሽ፣ ሦስተኛው ከሁለቱም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው የቆሙት አባ ቢልልኝ ናቸው።

ያርደን እዚሁ ማሃኔ የሁዳ ዕብራይስጥ እየተናገረች ያደገች የሰፈር ልጅ ናት። ከጓደኞቿ ጋር ማኅበር አቋቁማ፣ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ያለችውን ባዶ ቦታ ከማዘጋጃ ቤቱ ለምና ተቀበለች። የአገራችንን አትክልት እዚሁ አብቅለን ዓርብ ዓርብ ለጎረቤት እንሸጣለን፤ ከሱፐርማርኬት የምንገዛው ከየት እንደመጣ እንኳ አናውቅም ትላለች። ከዚያ ዘር ፍለጋ የሽማግሌዎቹን በር ማንኳኳት ጀመረች።

ነገሩ ማንያዘዋልን ገና ከጅምሩ አልጣመውም። በዚህ አገር በሩን ያንኳኳ ሰው ሁሉ ወይ ሊያስፈርመው ወይ ፎቶ ሊያነሳው ነው የመጣው። እሷ ደግሞ ዘሩ እንዴት እንደሚቀመጥ እየጠየቀች በስልኳ ታነሳ ነበር። የደብሬ ጎመን በሚያምር ፓኬት ታሽጎ፣ የማያውቀው ሰው ስም ተለጥፎበት ሱፐር ውስጥ ሲደረደር ታየው።

ደብሬ ሚስቱ ነበረች። ያንን ዘር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከጎንደር አመጣችው። እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ በረንዳው ላይ በባዶ የወይራ ፍሬ ቆርቆሮ እየዘራች ዘሩን ስታድስ ኖረች። አሁን የሚዘራው እሱ ነው፤ ከእሷ በሕይወት የቀረለት ነገር ይኸው ጎመን ብቻ ነው።

የሰፈር ልጅን እምቢ ማለት ደግሞ ይሉኝታ አለው። ስለዚህ መስኮቱን ዘጋግቶ ግማሹን ዘር መጥበሻ ላይ አመስ አመስ አደረገው፤ መልኩ እስኪለወጥ ሳይሆን ነፍሱ እስኪወጣ። "እንኪ ልጄ" ብሎ ሰጣት። እሷም ጉልበቱን ስማ ተቀበለችው።

እንግዲህ የእሱ መደብ ባዶ መሆኑ አልገረመውም። ግን የፋንትነሽ በሶብላስ? የአባ ቢልልኝ ፌጦስ? ፌጦ እኮ እርጥብ ጨርቅ ላይ ቢወድቅ እንኳ በሦስት ቀኑ ብቅ ይላል! ልጅቱ ዘሩን ደብቃዋለች ማለት ነው።

"ያርደን፣ የሰዎቹን ዘር የት አደረስሽው?" አላት።

"እንዴት የት? እዚሁ ዘራሁት፣ አባ።"

"ፌጦ ተዘርቶ አይበቅልም? ማንን ልታታልዪ ነው?"

"ኧረ ተዋት" አሉ አባ ቢልልኝ በፍጥነት። "ልጅቱን ተዋት። የዚህ አገር አፈር ይሆናል።"

ያርደን ተነስታ ቆመች። ጥፍሯ ውስጥ አፈር ሞልቷል። "እኔ ነኝ የገደልኩት። ውሃ ሳላበዛበት አልቀርም። እሁድ ኢሪያዎቹ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች፣ ይመጣሉ፤ ምንም አረንጓዴ ነገር ካላዩ ቦታውን መኪና ማቆሚያ ያደርጉታል። በሰደር፣ እሺ፣ እሱስ ይቅር። ግን እናንተ ያንን ሁሉ መንገድ ይዛችሁ የመጣችሁትን ዘር…" ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትይዝ ሞከረች። "ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ማንያዘዋል ፋንትነሽ እስክትጮህ ጠበቀ። ፋንትነሽ ለግማሽ ሎሚ ከገበያው ሻጭ ጋር አንገት ላንገት የምትተናነቅ ሴት ናት። አሁን ግን ጫማዋን ታያለች። አባ ቢልልኝም መንገዱ ላይ የሚያልፈውን አውቶቡስ በዓይናቸው ይሸኛሉ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለው። ዘሩን በሰጠበት ሳምንት ከላይኛው ፎቅ የሚታመስ በሶብላ ሸትቶት ነበር፤ ያኔ ለበርበሬ መስሎት ነበር።

"ፋንትነሽ" አላት ቀስ ብሎ፣ "ያን በርበሬሽን አስፈጨሽው?"

"የምን በርበሬ?" ካለች በኋላ ገባት። ፊቷ ተለዋወጠ። "ምን ያዩኛል? የእርስዎስ መስኮት በዚያ ሁሉ ሙቀት ለምን ተዘጋግቶ ዋለ?"

አባ ቢልልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሦስቱ ተያዩ።

"ማ ካራ? ምን ሆናችሁ?" አለች ያርደን እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

"ምንም" አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

ማንያዘዋል አፈረ። የልጅቱን ጥፍር አየና ይበልጥ አፈረ። የቀረው ግማሽ ዘር ኮቱ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ነው፤ ሌባ ቢገባስ ብሎ ቤት ትቶት አይወጣም። እጁን ከተተና ያዘው። ይኸኛው ከሞተ ሌላ የለም። ደብሬ ብትኖር ምን ትለው ነበር? ቆርቆሮዋን እኮ ለማንም አላፊ አግዳሚ እያሳየች ነበር የምትዘራው።

ጉልበቱ እየተንቋቋ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ቋጠሮውን አወጣው። ጠብቆ ስለነበር በጥርሱ ያዘው።

"ልጄ፣ ውሃ አምጪ" አላት። "ትንሽ ብቻ።"

ፋንትነሽ ፊቷን አዙራ ደረቷ ውስጥ ስትፈልግ ሰማት። አባ ቢልልኝ ግን አጠገባቸው የሉም። ቀና ሲል፣ እኚያ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ የቀረ ፌጧቸውን ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ደረጃ እየሮጡ ነበር።