ዳገት የማይበግራት መኪና

አቶ ምትኩ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን በወጡ ቁጥር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሯ አሮጌ የመስክ መኪናቸው የጣርማ በር ዳገት አጋማሽ ላይ ታፈላለች። እሳቸው ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን እንደ ሰነፍ ተማሪ ሲቆጡ፣ ሚስታቸው ድንቅነሽ ልጇን ይዛ "ውሃ ልፈልግ" ብላ ወደ መንደሩ ትወርዳለች። ቶሎ ተመልሳም አታውቅ።

አማታቸው የሚኖሩት እዚያው መንደር ነው። በሠርጉ ማግስት "ይህ ሰው ጉራ ያበዛል" ስላሏቸው፣ አቶ ምትኩ ያን ደጅ ከቤተሰባቸው ማንም እንዳይረግጥ ገዝተዋል። ጉራ የሚባል ነገር በዞረበት ዞረው የማያውቁ ሰው እንዲህ መባል!

ዘንድሮ ለሞተሩ ቱርቦ ተገጠመለት፣ ራዲያተሩ በትልቅ ተቀየረ፣ የጭስ ማውጫውም ሰፋ።

"ከእንግዲህ ዳገት የሚባል ነገር የለም!" አሉ፣ ተራራውን በእጃቸው የደለደሉት ይመስል።

ዳገቱ ሲጀምር ድንቅነሽ ከኋላ ወንበር ሆና፣ "እንደ ድሮው ትንሽ ብናሳርፋትስ?" አለች።

"ይህቺን? ዕረፍት ለደካማ ነው!"

ነዳጁን ረገጡት። መኪናዋ ከባድ መኪኖቹን ሁሉ እያለፈች ሽቅብ ተምዘገዘገች። አንዲት ጠብታ ውሃ እንኳ አልጠየቀችም። አቶ ምትኩ የሚገባቸውን አድናቆት ሊቀበሉ በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩ።

ድንቅነሽ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ታለቅሳለች። ትንሿ ልጃቸው ወንበሩ ላይ ተንበርክካ የኋላውን መስኮት ትደበድባለች። መንገድ ዳር አንዲት አሮጊት እጃቸውን እንዳነሱ ቀርተዋል።

"እማዬ!" ትላለች ልጅቷ፣ "አያዬን አለፍናት እኮ!"