ፍሬኑን አይቼዋለሁ

ደሴ ውስጥ የሚኒባስ በር በተዘጋ ቁጥር፣ ቦሎውን የሰጠው መርማሪ ድምፅ ይሰማል። ሕግ ነው። መኪናው ምርመራ እስኪወድቅ ድረስ ያ ድምፅ አይቀየርም፤ መርማሪው ቢሞትም እንኳ።

የስንዱ ባል ገዛኸኝ ከሞተ ወዲህ፣ ድምፁ የቀረው በሸምሱ ሚኒባስ ላይ ብቻ ነው። ልጃቸው ኤልዳና ረጅሙን ቁልቁለት ወርዳ ትምህርት ቤት የምትሄደው በእሱ ነው። «ገዛኸኝ ነኝ፤ ፍሬኑን አይቼዋለሁ፤ በሰላም ግቡ» ሲል፣ «እሺ አባዬ» ትላለች።

ዛሬ ሚኒባሱ ለዓመታዊ ምርመራ መጣ። መርማሪዋ ስንዱ ራሷ ናት። ፍሬኑን ስታስሞክር መኪናው ወደ ግራ ጎተተ። ደግማ አስሞከረች፤ ያው ነው።

«እህቴ፣ አሳልፊው» አለ ሸምሱ አንገቱን ደፍቶ። «ዛሬውኑ አሠራዋለሁ። ድምፁ እንዳይጠፋባችሁ ብዬ እኮ ነው።»

ስንዱ በሩን ከፍታ ዘጋችው።

«ገዛኸኝ ነኝ፤ ፍሬኑን አይቼዋለሁ፤ በሰላም ግቡ።»

በቁሙ ዋሽቶ የማያውቀውን ሰው፣ ከሞተ በኋላ እንዴት ታስዋሸው?

«ወድቋል» አለች፤ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ሸምሱ ፍሬኑን አሠርቶ ተመለሰ፤ መኪናው አለፈ። በማግስቱ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተሳፈሩ። በሩ ተዘጋ።

«ስንዱ ነኝ፤ ፍሬኑን አይቼዋለሁ፤ በሰላም ግቡ።»

ኤልዳና ወደ እናቷ ዞረች።

«እውነት አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ፣ የኔ ልጅ።»

አባቷ ከሞተ ጀምሮ ቁልቁለቱን ወንበር ጨምድዳ ይዛ የምትወርደው ልጅ፣ ያን ቀን ግማሹ ላይ ሳይደርሱ እናቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።