ከሳንጃ የመጣው ዘንባባ

ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ቤት ውስጥ ብርነሽ የተከለችው ዘንባባ ሁሉ በጎንደር ብርድ እየደረቀ አስመርሯታል። ከሳንጃ ቆላ በማኪና የመጣው ይኸኛው ባይደርቅም፣ ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ድንክ አልጋዋ ያጎነብሳል። ሸክላውን ብታዞረውም ሲነጋ ተመልሶ እዚያው ነው።

«አያ አለበል፣ ምነው እንዲህ ያለ ግትር መረጡልኝ?» አለች አትክልተኛውን።

«ሸጋ ተክል ነው እኮ ልጄ! ከፀሐይ አንቺን አስበልጦ እንጂ» ብለው ሳቁ።

«እንግዲያው ከምሳ በኋላ መጥተው ይውሰዱልኝ፤ መረረኝ።»

ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። አያ አለበል በሩን ሲያንኳኩ ነቃች። ልትከፍትላቸው ብትነሳ እጇ ተያዘባት። ጣቷ ላይ ሰው ሁሉ ለሆሳዕና የሚያስረው ዓይነት የዘንባባ ቀለበት ተጎንጉኗል።

ሆሳዕና ካለፈ ወራት ሆኖታል። ቅጠሉም ከተክሉ አልተቆረጠም።