ምርቃቱ

የመምህርቷ የቴሌግራም መልእክት ሲገባ፣ ነደባ በሚባለው የቤቱ መደብ ላይ አጠገቧ የተቀመጠችው ልጇ እንደ ሁልጊዜው ልታነብላት እጇን ዘረጋች። እናትየው ግን ስልኩን አልሰጠቻትም። በጎልማሶች ትምህርት እንደለመደችው ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች ራሷ አነበበች።

«ናፊያ ዛሬም ክፍል ውስጥ ስልክ ስትነካካ ይዣታለሁ። ስጽፍልዎት ይህ አምስተኛዬ ነው፤ እርስዎ ግን ሁሌ ምርቃት ይልኩልኛል። እየቀለዱብኝ ነው?»

ጣቷን አንሸራታ ወደ ቀደሙት ተመለሰች። ልጇ «ጎበዝ ናት ይላል» እያለች ያነበበችላት አራቱም መልእክቶች ክስ ነበሩ። ከእያንዳንዱ ሥር እሷ በድምፅ የላከችው መልስ አለ፤ አንዱን ነካችው። «አልሐምዱሊላህ መምህርት! አላህ ይጨምርላት!» የሚል በደስታ የተሞላ ድምጿ ቤቱ ውስጥ ተሰማ።

ቀና ብላ ልጇን አየቻት፤ ይቅርታ ጠበቀች።

«እማ፣» አለች ናፊያ፣ «መቼ ነው ማንበብ የቻልሽው?»