የሰባሪዎች ድርጎ

የሻይ ብርጭቆው ከኤልፍነሽ እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ሲበተን፣ ክንዷ ከሐሳቧ ቀድሞ ተነሣና ፊቷን ሸፈነ። የሚመታት ግን አልነበረም። ኒው ዌስት በሚባለው የደቾች ከተማ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጠዋት ጠዋት እየመጣች የምታጥባቸው ቱርካዊቷ እማማ ሐፊዜ ብቻ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ሆነው ያዩዋታል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእናትዎ ማስታወሻ መሆኑን አውቃለሁ» አለች በደች፤ ተንበርክካም ስብርባሪውን መልቀም ጀመረች።

«ተዪው» አሉ አሮጊቷ። «እኛ አገር የሚወራውን ልንገርሽ። አንዲት የሱልጣን ሚስት ነበረች። ለመንገደኛ ውኃ አስወጣች፣ ለድኻ ሐኪም ቤት አሠራች። እኔን የሚገርመኝ ግን ለገረዶች ያቆመችው ድርጎ ነው። ዕቃ የሰበረች ገረድ ስባሪውን ይዛ ትሄድና፣ እመቤቷ ሳታውቅ አምሳያውን ተቀብላ ትመለሳለች።»

ኤልፍነሽ ቀና ሳትል «የንጉሥ ሚስት ይህን ጭንቀት በምን አወቀችው?» አለች።

«በልጅነቷ ተሽጣ የመጣች ገረድ ነበረቻ።»

እማማ ሐፊዜ ጎንበስ ብለው ያንን ፊቷን የሸፈነችበትን ክንድ ያዙና በቀስታ ዳበሱት።

«አንቺንስ» አሉ፣ «ማን ነበር የሚመታሽ?»